የጉልበት ፈታሽ ባለ ኮፍያ

በእኛ አካባቢ ሰው ጎረቤት ከመጠየቅ ይልቅ በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ሚስት ሲያጭ ወይም ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት ተረት ጣል አድርገው ያልፋሉ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች አይደለችም፤ መኪና አለባትና። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ጎረምሳ ጓደኛው ላይ ሲተርታት ሰማሁና "ታሪኳን ታውቀዋለህ?" ብለው፣ "ደግሞ ታሪክ አላት እንዴ?" አለኝ። አላት። ነገሩ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አፍ ሰምቻታለሁ። ሁሉም ሲያወሯት ይስቃሉ፤ አንደኛው ግን ዘግየት ብሎ ነው የሚስቀው።

ያ ዘግይቶ የሚስቀው ጓንጉል ይባላል። ዕድሜውን የሰው ገልባጭ መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ እጁ የረጋ፣ ልቡ ግን የማይረጋ። ሻይ ቤት ገብቶ ሻዩ ሲቀዳ ካላየ አይጠጣም። ሰላም ብሎት ያለፈ ሰው ዞር ብሎ ካየው ኪሱን ይዳብሳል። "ጓንጉል ሲጸልይም አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው" ይሉት ነበር ጓደኞቹ።

እኅቱ ሙሉነሽ ባሏ በሕይወት ሳለ የተከለው የባሕር ዛፍ ነበራት። እሱ ከሞተ በኋላ እሷንም ልጆቿንም የሚያኖር ሌላ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ጓንጉልን አስቀምጣ እንዲህ አለችው።

"ወንድምዓለም፣ ዛፉን አስቆርጠውና ገልባጭ ግዛበት። አንተም የሰው መሪ ከመያዝ ትወጣለህ፣ ልጆቼም በገቢው ያድራሉ። ግን እወቅ፤ ጉቶው አቆጥቁጦ እንደገና ለሽያጭ እስኪደርስ ልጆቼ ጦማቸውን አያድሩም። አንዴ ነው የምንገዛው፤ ሁለተኛ የለንም።"

ዛፉ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ከከተማችን በታች ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ከሚሠሩት ገልባጮች ሁለቱ ለሽያጭ ቀርበው ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሥሪታቸው አንድ፣ ዘመናቸው አንድ። ሁለቱንም የሚነዷቸው ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ነበሩ። የአረንጓዴው ባለቤት ዘለቀ ወገቡን አሞት ወፍጮ ቤት ሊከፍት አስቧል። የነጩ ባለቤት ተካልኝ ለምን እንደሚሸጥ ሲጠየቅ "ደከመኝ" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

አንድ ደላላ ሁለቱንም ለጓንጉል እሑድ ቀን፣ ባለቤቶቹ በሌሉበት፣ ታጥበው በቆሙበት አሳየው። "የአንድ እናት መንታ ናቸው። ዓይንህ የወደደውን ውሰድ" አለው።

ጓንጉል ከሥራቸው ገብቶ ሻንሲያቸውን በእጁ ዳሰሰ፣ ጭነት የሚሸከመውን ባሌስትራቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ ድንጋይ የሚጫንበትን ካሶኒያቸውን አስነሣና አስተኛ። እንከን አጣ። እንከን ማጣቱ ደግሞ የባሰ አጠራጠረው።

"የታጠበ መኪና የሠርግ ዕለት ሙሽራ ነው" አለ ለእኅቱ ማታ። "እኔ ማየት የምፈልገው ሙሽራዋ ውኃ ስትቀዳ ነው።"

"እሱስ ደግ ነው። ታዲያ ባለቤቶቹን አነጋግራቸዋ፤ የካባውን ሰዎችም ጠይቅ" አለች ሙሉነሽ።

"ሻጭ ስለ ሸቀጡ ምን ይላል ብለሽ ነው? የካባውስ ሰው ከሻጩ ጋር አብሮ የሚበላ አይደለም? ዓይኔ ይበቃኛል።"

ከካባው ወደ ከተማ የሚያወጣ አንድ ዳገት አለ፤ ስሙን ጉልበት ፈታሽ ይሉታል። ከወገቡ ላይ መታጠፊያ አለው፤ ደካማ ሞተር የሚጋለጠው እዚያ ነው። በመታጠፊያው ዳር እትዬ ደብሪቱ የላስቲክ ጥላ ዘርግተው ለሾፌሮች ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። ጓንጉል ሰኞ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከእሳቸው ፊት ለፊት ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገልባጭ በመጣ ቁጥር የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ሾፌሩ ማርሽ የሚቀይርበትን ቦታ በከንፈሩ እያነበነበ በቃሉ ይይዛል።

"የሰው አገር ሰው፣ ማንን ትጠብቃለህ?" አሉት እትዬ ደብሪቱ።

"ዘመድ።"

"ዘመድህ በገልባጭ ነው የሚመጣው?"

"በእግሩ ነው።"

"ታዲያ ገልባጭ ገልባጩን ምን ያሳይሃል?"

"ዓይን ካለ ያያል፣ እትዬ።"

"በል እንግዲያው ዓይን ብቻውን አይጠግብም፤ ድንች ብላ።"

"መቼ የተቀቀለ ነው?"

"ዛሬ።"

"ዛሬ መቼ?"

እትዬ ደብሪቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

መጀመሪያ የመጣው አረንጓዴው ነበር። ድንጋዩ ከካሶኒው አፍ በላይ ተቆልሎ ከሩቅ ይታያል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ጥቁር ጭሱን እየተፋ መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ዘለቀ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲያይ መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመ።

"ጋሼ፣ ፀሐይዋ ከረረች! ይውጡና ላድርስዎት!"

ጓንጉል ሳይመልስ እጁን አወዛወዘ። ዘለቀም "እሺ፣ እግዚአብሔር ይከተልዎት!" ብሎ ማርሽ አስገባ፤ አረንጓዴው እንደገና አቃስቶ ተነሣና ወጣ።

"የማያውቀኝ ሰው ለምን ቆመልኝ?" አለ ጓንጉል በልቡ። "ገዢ መሆኔን ሰምቶ ይሆናል። ሊያለሳልሰኝ ነው።" ያን ዕለት በአረንጓዴው ስም ላይ በልቡ ሰረዝ አደረገ።

ትንሽ ቆይቶ ነጩ መጣ። ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ፣ ገመዱ ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ጭስ የለ፣ ማቃሰት የለ፤ ድመት አጥር ላይ እንደምትወጣ ሽው ብሎ አለፈ። ተካልኝ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ፊት ለፊት ያያል።

"እዚህ ካባ ቀበቶ የሚያስር ሾፌር አየሁ" አለ ጓንጉል ተገርሞ። "ራሱን የሚጠነቀቅ መኪናውንም ይጠነቀቃል።"

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፣ ሳምንቱንም እንዲሁ ዋለ። አረንጓዴው እያቃሰተ ይወጣል፣ ነጩ ሽው ይላል። ቅዳሜ ዕለት እትዬ ደብሪቱ ድንቹን እያገላበጡ እንዲያው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ "ይሄ ነጩ ደግሞ ሰሞኑን ምን ነካው? እዚህ ሲደርስ ድንቼን በጭስ ያጥነው አልነበር? ጎረምሳ ሆነብኝ" አሉ።

ጓንጉል ጆሮው ቆመ። "አሃ!" አለ በልቡ፤ "ይቺ ሴትዮ የዘለቀ ወገን ናት። ነጩን እንድጠላ ነው።" እንግዲህ ደጉ ነገር የሚታወቀው ሰው ሲያጥላላው ነው ብሎ፣ የቀረችውን ጥርጣሬ እዚያው ድንጋዩ ላይ ትቶ ተነሣ።

ሰኞ ኮፍያውንም መነጽሩንም እቤቱ ትቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ተካልኝ ዘንድ ሄደ። ተካልኝ ሲገባ ሲወጣ ኋላውን የሚያይ፣ ቃል ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ይላል ደላላው፣ ሁለት ድመቶች በአንድ በር ሊገቡ የመጡ ይመስሉ ነበር።

"ከወደድከው ጭነህ ሞክረው" አለ ተካልኝ።

ጓንጉል በልቡ ሳቀ። ጭነህ ሞክር የሚል ሰው አንድ ነገር አዘጋጅቷል፤ ወይ ሞተሩን አጃጅሎታል፣ ወይ ከጫኞቹ ጋር ተስማምቷል። እሱ ግን ሻጩ ሳይዘጋጅ አይቶታል።

"አያስፈልግም። አውቀዋለሁ።"

"ከየት አወቅኸው?"

"አወቅሁት አልኩህ።"

ተካልኝም ተጠራጠረ። ጭኖ የማይሞክር ገዢ አይቶ አያውቅም። ሐሳቡን ሳይቀይር ብሎ ምስክር አስቸኮለ፤ ጓንጉልም ሻጩ ሳይጸጸት ብሎ ቸኮለ። ተፈራረሙ። አረንጓዴውን በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው ሊገዛው ተስማማ፤ ዘለቀ እስኪያስረክብ ድረስ እየነዳው ነበር።

ነጩ በጓንጉል እጅ ሥራ የጀመረ ዕለት ሙሉነሽ ነጠላዋን ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠች። "ዛፌ ዳገት ሲወጣ ልይ" ብላ ነው። ካባው ላይ ድንጋዩ እስከ አፉ ሞላ፣ ከዚያም ተቆለለ። ጓንጉል አማተበና ጉልበት ፈታሽን ጀመረ።

ገና ከሥሩ ነጩ ማቃሰት ያዘ። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ፤ ጭሱ መንገዱን ዘጋው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

"ታኮ! ታኮ አድርጉልኝ!" ጮኸ ጓንጉል ፍሬኑን ረግጦ።

ከኋላ አረንጓዴው ደርሶ ነበር። ዘለቀ መኪናውን ከሩቅ አቁሞ ሲሮጥ፣ ከጎኑ ተሳፍሮ የመጣው ተካልኝም ወረደ። ጎማ የሚያግድ ድንጋይ ሲፈልጉ እጃቸው የገባው ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። እትዬ ደብሪቱም ጫፉን ይዘው አገዙ፤ ጎማው ሥር ገፉት። ነጩ ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

ጓንጉል ከጋቢናው ዘሎ ወረደና ተካልኝን በኮሌታው አነቀው።

"ምን አደረግኸው? ምን ፈታህበት? ሳምንቱን ሙሉ እንደ ድመት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"የት ሆነህ አየኸው?"

"እዚሁ! እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ!"

ተካልኝ መታገሉን ተወ። ጓንጉልን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ባለ ኮፍያው... አንተ ነህ?"

"ብሆንስ?"

"አንተ ሰው! እኔ እኮ ይሄ ሰው ከላይ የተላከ የጭነት ተቆጣጣሪ ነው ብዬ! ጥቁር መነጽር አድርገህ፣ ከንፈርህን እያነበነብህ! አንተን ፈርቼ ሳምንቱን ሙሉ ግማሽ ጭኜ፣ በሸራ ሸፍኜ ወጣሁ። ቀበቶ ሁሉ አሰርኩልህ!"

እትዬ ደብሪቱ "ድምፁን አወቅሁት! 'ዛሬ መቼ' ነው ይሄ!" ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

"አታለልኸኝ" አለ ጓንጉል፣ እጁ ግን እየላላ።

"ጭነህ ሞክር አላልኩህም? ለምን እንደምሸጠው ብትጠይቀኝ፣ ሙሉ ጭነት አልወጣልኝ ብሎ ነው እልህ ነበር።"

"ብትለኝስ አምንህ ነበር?" አለ ጓንጉል።

የምር ይነግረው እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ተካልኝን ደጋግሜ ጠይቄው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዘለቀ ወደ ጓንጉል ጠጋ አለ። "ስማ እንጂ፣ ሾፌር አይደለህም እንዴ? እኔ ሙሉ ጭኜ፣ እዚሁ መታጠፊያ ላይ አቁሜ፣ ላድርስዎት ብዬህ፣ እንደገና ተነሥቼ አልሄድኩም? ዳገት ላይ ቆሞ ከነጭነቱ የሚነሣ መኪና አይተህ ሌላ ምን ልታይ ነበር?"

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። "እኔ ያየሁት ለምን እንደቆምክ ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ ጠብ አልነበረም። ሦስቱ ወንዶችና ሙሉነሽ ካሶኒው ላይ ወጥተው ድንጋዩን እያነሡ መንገድ ዳር ጣሉ። ጭነቱ ግማሽ ሲደርስ ጓንጉል ሞተሩን አስነሣ። ነጩ ጭስም ሳያወጣ፣ ሳያቃስት፣ ሽው ብሎ መታጠፊያውን ጨረሰ፤ ያንኑ ሳምንቱን ሙሉ የሰማውን ድምፅ ሲሰማ ጓንጉል ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ያ መኪና ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ አንዴ የሚሄዱበትን መንገድ ሁለቴ እየተመላለሰ፣ ግማሽ ግማሹን እያመላለሰ ነው የሙሉነሽን ልጆች ያሳደገው። ጦማቸውን አላደሩም፤ ጓንጉል ግን በቀን ብርሃን እቤቱ ገብቶ አያውቅም።

ያን ዕለት ሙሉነሽ መኪናው ውስጥ ተመልሳ አልገባችም። መታጠፊያው ላይ ቆማ፣ ነጠላዋ በድንጋይ አቧራ ተለውሶ፣ ወንድሟ ከላይ ሆኖ እስኪጠራት ጠበቀች።

"ሙሉዬ፣ ነይ እንጂ፣ ግቢ!"

"በእግሬ እወጣለሁ" አለችው። ቁጣ አልነበረባትም። "ወንድምዓለም፣ እኔ ዛፌን ስሰጥህ አድፍጬ አላየሁህም። ጠየቅሁህ፣ እሺ አልከኝ፣ ሰጠሁህ።"

ዘለቀም ተካልኝም መሬት መሬት አዩ። እትዬ ደብሪቱ ወደ ድንቻቸው እየተመለሱ፣ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ የነበረበትን ባዶ ቦታ በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ "ምን ይደረግ ልጄ፤ አድፍጠው የገዙት ገልባጭ፣ ዳገት ላይ ተቀማጭ።"