ከአንዳርጌ እጅ አልወርድ ያለችው ጽዋ

የእመቤታችን ወዳጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ በተለይ ጢማችሁ ሸበት ብሎ፣ ትዳራችሁ ፈርሶ፣ ለብቻችሁ የምትውሉ ወንዶች ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህች ቅድስት እናት ያደረገችው ተአምር ለእናንተ ቢጤ የተደረገ ነውና፤ እኔንም እስክነግራችሁ ድረስ ከጠዋት ጀምሮ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛልና።

በብሳና አምባ ማርያም አጥቢያ አንዳርጌ የሚባል አናጢ ነበረ፤ እመቤታችንን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወድ፣ ማለዳ ተነሥቶ ውዳሴዋን ሳይደግም መጥረቢያ የማይነካ፣ ለነዳያንም እጁ የማይታጠፍ ሰው ነበረ። ይህንም ስእለት አድርጎ ይዞት ነበርና ታሞ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ይደግም ነበር፤ ጎረቤቱም ሁሉ ይህን ያውቅለታል።

ሚስቱ የሻረግ ትባል ነበር። በሰማኒያ ተጋብተው ብርቄ የምትባል ልጅ ወለዱና አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቋት፤ ከዚያም ልጅቱ ተድራ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ ባልና ሚስቱ የሚያወሩት አጡና፣ እሱ በንዝንዟ፣ እሷም በዝምታው ተማርረው ሲነታረኩ ከርመው ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም ሊያስታርቃቸው አልቻለምና ሰማኒያቸው ፈረሰ፤ የሻረግም ድርሻዋን ይዛ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ከእኅቷ ዘንድ ገባች። ማን በደለ ትሉኝ እንደሆነ ሁለቱም በድለዋል፤ አንዳርጌ ግን በደሉን ሁሉ በእሷ ላይ ጫነና እሱ ንጹሕ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ሰው አልሆነም። መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት አንገቱን አያቀናም፣ የጀመረውን በር ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካይኑ ጠፋ፣ እህልም አስጠላውና ልብሱ ሰፋበት። ወዳጆቹ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ዋጥ አድርገው» ብለውት ነበርና እንባውን ዋጠው፤ የዋጠው ግን አልወርድ አለው። እናንተ የዋጥ አድርገው መካሪዎች፣ እዚህም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሰው መርዝ ሲውጥ ቆማችሁ ታጨበጭባላችሁ።

ጸሎቱን ግን አልተወም። ውዳሴዋን ይደግማል፤ አባታችን ሆይን ሲጸልይ ብቻ፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንላለን ከምትለው ቃል ሲደርስ፣ ቦይ እንደሚሻገር ሰው ዘሎ ያልፋታል። «ይቅር ሳልል ይቅር እላለሁ ብዬ በፈጣሪ ፊት ልዋሽ ነው?» ብሎ ነው። አያችሁልኝ የዚህን ሰው ብልጠት፤ ውሸት ፈርቶ ጸሎቱን ቆርጦ ጣለው። ይህንም ለንስሐ አባቱ እንኳ አልተናገረም ነበር።

አንዳርጌ የእመቤታችን ጽዋ ማኅበርተኛ ነበረ። እንደምታውቁት ጽዋዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች፤ ተረኛው ተቀብሎ ቤቱ ያሳድራትና በዕለቱ ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ማኅበርተኛውንም ነዳያኑንም ያበላል፤ ከዚያም ለቀጣዩ ያስረክባል። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ አንዳርጌ ከማኅበሩ ቀርቶ ነበር፤ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪውን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ጋሽ ልሳኑ ግን ተራው ሲደርስ ጽዋዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከደጁ መጡና «አንዳርጌ፣ ተራህ ነው፤ ተቀበል» አሉት።

«ጋሼ፣ ሴት የሌለችበት ቤት ምን ማኅበር አለው? ለሌላ ይስጡልኝ» አላቸው።

«እመቤታችን ሴት አይደለችም እንዴ? እሷ ትገባለች» አሉትና በእጁ አስይዘውት ሄዱ።

አንዳርጌም ይሄኔ ቆረጠ፤ ጽዋዋን ለጋሽ ልሳኑ መልሶ፣ መሣሪያውን ጠቅልሎ፣ ቆላ ወርዶ ሰው በማያውቀው አገር ሊቀር ወሰነ። ብርቄም ይህን ሰምታ እየሮጠች መጣችና ከእግሩ ሥር ወደቀች። «አባዬ፣ ከቤትህ የወጣችው እናቴ እንጂ እኔ መቼ ወጣሁ? አንተም ከሄድክብኝ እኔ ማን አለኝ ልበል?» አለችው። እሱም «ተይኝ ልጄ፤ እዚህ ከቆየሁ እሞታለሁ» አላት። እውነቱን ነበር፤ ውስጥ ውስጡን አልቆ ነበርና። ግን ቆላ ቢወርድም ያው ሞት ነው፤ ልዩነቱ የሚቀብረው ሰው ማጣቱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አሁን ነው መስማት። አንዳርጌ ጽዋዋን ታቅፎ ወደ ጋሽ ልሳኑ ቤት ጉዞ ጀመረ። የሸክላ ጽዋ ናት፣ ሕፃን ልጅ ያነሣታል፤ ከአጥሩ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ ግን ከበድ አለችው፤ ደክሞኝ ይሆናል ብሎ ቀጠለ፤ አሁንም ጨመረችና የወፍጮ ድንጋይ አከለች፤ ያ ግንድ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ላቡ በጀርባው ወረደ። መሬት እንዳያስቀምጣት ንዋየ ቅድሳት ናት ብሎ ፈራ፤ ቢፈልግም ደግሞ ከእጁ አልወርድ አለችው። ትንሽ ልረፍ ብሎ ፊቱን ወደ ቤቱ ቢያዞር፣ ምእመናን፣ እንደ ላባ ቀለለች። ደነገጠና እንደገና ወደ ጋሽ ልሳኑ ዞረ፤ ከበደች። ወደ ቤቱ ዞረ፤ ቀለለች። በቀትር ፀሐይ፣ በመንገድ መካከል፣ ወዲያና ወዲህ ሲሽከረከር ያየው ሰው ቢኖር አበደ ባለ ነበር። በመጨረሻም አቅሙ አለቀና ከመንገዱ ዳር ከብሳና ዛፍ ጥላ ሥር ጽዋዋን እንደታቀፈ ዘጭ አለ።

ከዚያም ከምንጭ ውሃ ቀድታ እንስራ ያዘለች ሴት በዚያ አለፈች፤ ዕድሜዋ ይህን ያህል ነው የማይባል፣ ፊቷን ያየ ዓይኑን መንቀል የማይፈልግ ነበረች። ቆም አለችና «ምን ታቅፈህ ነው እንዲህ ላብ የሚያጠምቅህ?» አለችው።

«የእመቤታችን ጽዋ ናት እናቴ፤ ከብዳኝ ነው።»

እሷም ፈገግ ብላ «ጽዋዋስ ቀላል ናት፤ የከበደህ ሆድህ ውስጥ ያለው ነው። እስቲ ያቺን የምትዘላትን ቃል በላት» አለችው።

አንዳርጌ ክው አለ፤ ይህን የሚያውቅ ፍጡር አልነበረምና። እየተንተባተበም «እንዳልዋሽ ብዬ ነው እናቴ፤ ይቅር አላልኳትም፤ አቃተኝ» አላት።

«እንግዲያ እንዳቃተህ ንገረው፤ ያቃተውን ሰው እኮ ነው የሚረዳው። ለምንስ አታለቅስም?»

«ወንድ ነኛ።»

«ልጄም ወንድ ነው፤ በወዳጁ መቃብር ላይ አልቅሷል። እኔም በመስቀሉ ሥር ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ማን ነውር አለን?» አለችው።

ይህን በሰማ ጊዜ አንዳርጌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፣ ትከሻው እስኪርገፈገፍ አለቀሰ፣ ያለቀሰው ለየሻረግ ነው፣ ለራሱም ነው፣ ሳይነጋገሩ ላለፉት ለእነዚያ ምሽቶችም ነው፤ ከዚያም በሳግ መካከል ያቺን የተዘለለች ቃል አላት፤ ግማሽ ላይ አቋረጣትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ አላት፣ «አልቻልኩምና አንተ አስችለኝ» ብሎም ጨመረባት፤ ያን ጊዜ ጽዋዋ በእቅፉ ውስጥ ቀለለች። ሴቲቱም ከእንስራዋ ውሃ በመዳፉ አፈሰሰችለትና ፊቱን ታጠበ። «ለማኅበሩ ዕለት እመጣለሁ፤ ቦታ ያዝልኝ» ስትለው ሰማ፤ ዓይኑን ጠርጎ ቀና ቢል መንገዱ ገላጣ ነው፣ ከወዲያም ከወዲህም ማንም የለም። ያን ጊዜ ማን እንደነበረች አወቀና በግንባሩ ተደፍቶ መሬቱን ሳመ።

ተነሥቶም ወደ ቤቱ ሮጠ፤ አዎን፣ ያ ጎልማሳ ሰው ጽዋዋን ታቅፎ ሮጠ። ብርቄን ከደጁ ቆማ አገኛትና «ልጄ፣ ሊጥ እንዴት ነው የሚቦካው?» አላት። እሷ ሳቀችም አለቀሰችም፤ ልሥራልህ ብትለው እንቢ አለ፤ አንቺ ንገሪኝ፣ እጄ ይልመድ አላት። እናም መጥረቢያ የለመደው እጅ ሊጥ ገባ፣ ቂጣ ሆኖ የቀረም ነበረ፣ ጢሱም አጥሩን አልፎ ወጣና ጎረቤቱ ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ተሯሩጦ መጣ። እሱም ዱቄት በዱቄት ሆኖ በሩን ከፈተላቸውና ሰላም አላቸው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ዕለቱ ደርሶ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ቤቱ ጢም አለ። አንዳርጌ ከጎኑ አጎዛ አንጥፎ ባዶ ቦታ አስቀረ፤ ሊቀመጥ ለመጣ ሁሉ «ተይዟል» ይላል፤ ለማን እንደተያዘ ግን አይናገርም። ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ተቆረሰ፤ ባንድ በኩል አሮ ነበር። ጠላውም በተአምር ጣፈጠ አልላችሁም፤ ጌሾው በዝቶበት ጋሽ ልሳኑ እንኳ ሲጠጡ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዳርጌ ግን በሩን በሩን ያያል፤ እመቤታችን አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች ይላል።

በዚህ መካከል ከነዳያኑ አንዷ ብቅ ብላ «ከአጥሩ ውጪ አንዲት ሴት ቆማለች፤ መግባት ፈርታ ነው መሰለኝ» አለች። አንዳርጌ ዘሎ ወጣ። የቆመችው የሻረግ ነበረች፤ ያ የቤት ሥራ የማያውቅ ሰው ለብቻው ማኅበር ሊደግስ ነው ሲባል ሰምታ፣ አላስችል ብሏት ወንዙን ተሻግራ መጥታ፣ ከደጅ ስትደርስ እግሯ አልሄድ ብሏት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። አንዳርጌ እሷን አየ፣ ዞሮም ባዶውን አጎዛ አየ፤ ቦታው የእመቤታችን ነው፤ እመቤታችንም እመጣለሁ ብላለች፤ ከዚህ ሌላ ባዶ ቦታ ደግሞ የለም። ድንገትም ገባው።

«ግቢ፤ ቦታ ተይዞልሻል» አላት።

«ለኔ?»

«ለአንቺ መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት።»

እጇን አስታጠባት፣ ከአጎዛው ላይ አስቀመጣት፣ በእጁ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት፣ ጠላም ቀዳላት። ቀመሰችውና ፊቷን አጨማድዳ «ጌሾ በዝቶበታል» አለችው። «አውቃለሁ» አላትና ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ቤቱም በሳቅ ተናወጠ።

ተመልሰው ተጋቡ እንድላችሁ የምትጠብቁ አላችሁ፤ አልተጋቡም። በልታ፣ ጠጥታ፣ መርቃ ተነሣች፤ እሱም እስከ ወንዙ ሸኛትና «አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም «እኔም አስቀይሜሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታን» አለችው፤ ተሳስመውም ተለያዩ። አንዳርጌም ተመለሰ፤ ማኅበርተኛው ጽዋዋን ለቀጣዩ ተረኛ በእልልታ እያስረከበ ነበርና አብሮ ዘመረ፣ ድንግልንም አመሰገነ፤ ከዚያም ከብርቄ አጠገብ ቁጭ አለና «ልጄ፣ ራበኝ» አላት።

ለዚህ ሰው የደረሰች እናት ቤታችሁ ለቀዘቀዘባችሁ ሁሉ ትድረስላችሁ፤ የዋጣችሁትን እንባ ታውጣላችሁ፣ ያቃታችሁን ይቅርታ ታስችላችሁ፤ ይህን ያነበበም የሰማም በማዕዷ ዙሪያ ቦታ አይጣ፤ አሜን።