ቦይ የወረደችው ዓሣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ዓሣ መምረጥ የሚማር። አትሳቅ፥ ይርዳው! የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «የኔታ፥ ሚስት አግብቼ፥ ልጅ ወልጄ፥ ያላገባኋት ሴት ለምን ከልቤ አትወጣም?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ዝም ብለህ ስማ።

አገሩ ጃፓን ነው። እዚያ ኮይ የሚሉት ባለ ቀለም ዓሣ አለ፤ ለዓይን እንጂ ለድስት አይደለም። ሰዎቹ በኩሬ ያረቡታል። የሚፈለፈለው ጫጩት ግን እልፍ ነው፥ ኩሬው ሁሉንም አይችልም። ስለዚህ ጥቂቱ ይቀራል፥ ብዙው ወደ ሩዝ ማሳ በሚወርደው ቦይ ይለቀቃል። ቦይ የወረደ ደግሞ አይመለስም።

ሰውየው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አርቢ ዘንድ ገብቶ ይህን መለየት ይማር ጀመር። ጫጩቶቹን በነጭ ሳፋ ውስጥ ያደርጉለታል፤ ትንሽ መረብ ይዞ አጎንብሶ ይመርጣል። ሽማግሌው የሚያረባው ዘር ጉድ ነው። በጨቅላነቱ የሚያምረው ቶሎ ይገረጣል፤ ጥላሸት የመሰለው ግን ሲያድግ ነጩና ቀዩ ከጥቁሩ ሥር ይወጣል። «ጥቁሩን ያዝ፤ አጊጦ የመጣውን ልቀቅ» ይለዋል ሽማግሌው።

አንድ ቀን ከሳፋው ውስጥ አንዲት ብቅ አለች። ገላዋ ወተት፥ ግንባሯ ላይ ቀይ ጠብታ። ወይ ውበት! የሰውየው እጅ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየው። አሰበ፥ አሰበና በገዛ እጁ ለቀቃት። ቦዩ ይዟት ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። በኩሬው ውስጥ የቀሩት ጥቁሮች እግሩ ሥር ሲርመሰመሱ እሱ የሚያየው ያቺን ነው። እንጀራ እንኳ ቢሆን ከጉሮሮው አልወርድ ባለው ነበር። ሽማግሌው «ምን ሆነሃል?» ቢለው «ናፈቀችኝ» አለ፥ ሳያፍር።

ሽማግሌው አልተቆጣም። «እኔም የለቀቅኋቸው አሉ» አለው። «መናፈቅ ያለ ነው። ብቻ በማለዳ መጀመሪያ ውሃውን ክፈት።» በሙቀት ወራት ኩሬው ካልታደሰ ዓሣው ይታፈናል፤ ከተራራው የሚመጣውን ውሃ መልቀቅ የተማሪው ሥራ ነበር።

መስማቱንስ ሰምቷል፤ ልቡ ግን ሸፍቷል። ሽማግሌው ዘመድ ሊጠይቅ በሄደበት አንድ ቀን፥ ሰውየው ውሃውን ሳይከፍት «ደረስ ብዬ ልምጣ» ብሎ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። በሩዙ መሐል ጭቃ እየረገጠ፥ ውሃው ብልጭ ባለ ቁጥር «እሷ ናት!» ሲል ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች። አላገኛትም።

ሲመለስ ኩሬው ላይ ጥቃቅን አፎች ተከፍተው አየር ይለምናሉ። ሮጦ ውሃውን ከፈተው። የቀሩት ነፍስ ዘሩ፤ አንዷ ግን በጎኗ ተንሳፍፋ ቀረች። በመዳፉ አነሣት። ከጥላሸቶቹ አንዷ ነበረች፥ አንድ ቀን እንኳ አተኩሮ ያላያት። ጥቁሩ ሸሽቶላት ገላዋ ነጥቷል፤ ግንባሯ ላይ ቀዩ ፈክቷል። መቼ እንደ ፈካ አያውቅም። እዚያው ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ይኸው ነው።

ይርዳው፥ ያቺ ሴት ከልብህ የማትወጣው ለምን መሰለህ? አልታመመችብህም፥ አልተቆጣችህም፥ አላረጀችብህም። በለቀቅሃት ቀን እንደ ነበረች ቆማለች። አውጣት አልልህም፤ ናፍቆትን በትእዛዝ ያስወጣ ሰው አላየሁም። ነገር ግን ባለፈው ሚስትህ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ስለ አንተ ስታወራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይተህ ታውቃለህ? አታውቅም፤ ዓይንህ ቦይ ለቦይ ነዋ!

የሰውየው ዓሣ ሞታለች። ያንተዋ ግን በሕይወት አለች፥ ይህን ጊዜ ደጅ ደጁን ታያለች። በል ተነሥ፥ ቤትህ ግባ።