ገበሬው የቋጠረው ገመድ

ተዋበች፣ አንድ ገበሬ ነበረ፤ አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝን እሱም ያኔ ይጠይቅ ነበር። «ልጄን ማን አሳመመብኝ?» ይላል።

ልጁ ጎበዝ አራሽ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። ሞፈሩን ጥሎ «ሊገድሉኝ መጡ!» እያለ ይሮጣል። የጎረቤት አፍ መቼ ይዘጋል! አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው መተት ነው አለ። ጭራሽ «እናቱ ረግማው ነው» የሚልም መጣ። ገበሬው ይህን አመነ፣ አይ ሞኝ! ልጁን ከምሰሶ ጋር በገመድ አሰረው፤ ሚስቱንም «ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት።

እሷም እያለቀሰች፣ «መሄዱን እሄዳለሁ። ግን አንተ ሰውዬ፣ በሬህ ሲታመም ምን በላ፣ መቼ ጀመረው ትላለህ። ልጄን አንድ ቀን ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አለችው።

ገበሬው ሄዶ ገመዱን ፈታ፤ ሚስቱንም ከመሄድ አስቀራት። ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ምን ይሉሃል?» አለው፤ ልጁም ነገረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበሬው በዚያው ገመድ ላይ ይቋጥር ገባ፤ ለከፋ ቀን ድርብ፣ ለደህና ቀን ነጠላ። ሦስት ወር ቋጠረ። ልጁ እንቅልፍ ያጣ ለት ድርብ ነው። ጫት የቃመ ለት ድርብ ነው። አባቱ የጮኸበት ለትም፣ አዎ፣ ድርብ ነው። እናቱ አብራው የዋለችበት ቀን ግን ነጠላ ሆኖ ተገኘ።

ገመዱንም ልጁንም ይዞ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ቋጠሮውን እያየ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀው፤ ገበሬውም የገዛ አጎቱ ሕመም እንዲህ እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። ልጁ መድኃኒት ጀመረ። ድምፁ ጨርሶ ባይተወውም በዓመቱ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ።

ገበሬው በሰንበቴ ማኅበርተኛው ፊት ቆመ። «ሚስቴን በሐሰት ወንጅያታለሁ፤ ይቅር በሉኝ!» አለ። እሷም ከሴቶቹ መሀል እልልታዋን አቀለጠችው።

እንግዲህ ተዋበች፣ ስኪዞፍሬንያ የሚሉትን ሕመም የሚያጠኑት ሰዎች ሥራቸው ይኸው የገበሬው ሥራ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የዘርም አለበት፣ የኑሮም አለበት፣ ገና ያልደረሱበትም ብዙ ነው። የእናት እርግማን ግን ፈልገው አላገኙም። አንቺ ደግሞ እነዚሁ አጥኚዎች ስለ ልጅሽ ሊጠይቁሽ ቢመጡ በር ዘጋሽባቸው! በይ ተነሺ፣ ልጅሽን አምጪው፤ እኔም አብሬሽ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ቀና ብለሽ ሂጂ፤ ጥፋት የለብሽም።