ደግማ የጠየቀችው ጠብታ

አንድ ሰው ነበረ። አናጢ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ጠዋት ጣውላ እየላገ ሳለ ደረቱን አቃጠለው። ምን ያለ ይመስላችኋል? «ጨጓራዬ ነው» አለ! ሁላችንም የምንለውን አለ። ሚስቱ አስካለ ተልባ በጠበጠችለት፤ ጠጣ። ማቃጠሉ አልቆመም፤ ጭራሽ ላብ አጠመቀው። ያን ጊዜ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው።

ደረቱ ላይ ገመድ ለጥፈው የልቡን ምት አዩ። ደህና ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደም ቀዳችና ከጣት በማትበልጥ መመርመሪያ ላይ ጠብ አደረገች። ጠበቁ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። አሁንም ደህና ነው።

«አላልኩሽም? ለጨጓራ ይሄን ሁሉ መንገድ!» ብሎ ሰውየው ተነሣ።

«ቁጭ በል!» አለች አስካለ። «ጥቁር ለመልበስ አልቸኮልኩም።»

ባለሙያዋም «ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ደግሜ አያለሁ» አለችው።

«ልጄ፣ ደሜን ጠየቅሽው፤ ደህና ነኝ አለሽ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ልብ ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። ግን ወዲያው አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው።»

«ይቺ ቁራጭስ በምን ታውቀዋለች?»

«ሰውነታችን በሽታን የሚይዙ ጠባቂዎች አሉት፤ አንቲቦዲ ይባላሉ። ተመራማሪዎች ሙሉውን ጠባቂ ትተው የሚይዝበትን እጁን ብቻ ወሰዱ። ትሮፖኒንን ብቻ አጥብቆ እንዲይዝ አድርገው ሠሩት። እዚህ ላይ ያለው ያ እጅ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ አፌን ይዤ ቀረሁ። ዓይን የማያየው እጅ! በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ ስንት ሺህ ዓይነት ነገር ይንሳፈፋል? ስኳሩ ያልፋል፣ ጨው ያልፋል፣ ያ እጅ አይነካቸውም። የተጎዳ ልብ የላከው ሲደርስ ግን ይይዘዋል፤ አይለቀውም! ይህን ለመሥራት ሰዎች ስንት ዓመት አቀርቅረው ኖሩ? አናጢውን አያውቁትም። ስሙን አልሰሙም። እነርሱስ እጁን ከየት አገኙት? በእኔና በእናንተ ደም ውስጥ አስቀድሞ ማን አኖረው? አስቡት እስቲ! ተኝታችሁ እንኳ ሲጠብቃችሁ ያድራል።

ሰውየው እያጉረመረመ ቆየ። ሰዓቱ ሲደርስ ባለሙያዋ ደግማ ቀዳች፣ ደግማ ጠብ አደረገች። ሁለተኛ መስመር ወጣች፤ ያ እጅ ትሮፖኒን ይዟል ማለት ነው። ቀጭን ናት፣ ቀይ ናት። ልጅቷ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

አምቡላንስ ላይ ሲያወጡት የሚስቱን እጅ ጨብጦ «አስካለ፣ ቤት ሄጄ ቢሆንስ?» አላት። አስካለ እጁን አልለቀቀችም። ትልቁ ሆስፒታል በጊዜ ደረሰ፤ ተረፈ።

እኛስ ወገኖቼ? በር ላይ ተገናኝተን «ደህና ነህ?» እንባባላለን። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ፤ እናልፋለን። ልጁን ቀብሮ የተመለሰው እንኳ «ደህና» አይደል የሚለን? ትዳሯ የፈረሰባትስ «ደህና» አይደል የምትለን? ዋሹን? አልዋሹም። የተጎዳ ልብ ሲጠይቁት ወዲያው አይናገርም። ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዱ ሦስት ወር።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት። «ደህና ነኝ» ይላችኋል። አትሂዱ። አብራችሁት ቆዩ። ከዚያ ደግማችሁ ጠይቁት።