ኖራ የነካው ጫማ

አንድ ሰውዬ ነበረ። ስሙን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ገና ከመነሻው ከጠራሁት የሚያውቀው ሰው አይጠፋምና ነገሩ ሐሜት ይሆንብናል።

ሰውዬው ቴኒስ ተጫዋች ነበር። ላብ ለማውጣት ብሎ አይደለም፤ እንጀራው ነበር። ናይሮቢ ተጫውቷል፣ ካርቱም ተጫውቷል። ኋላ ጉልበቱ ከእሱ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ዘይት እንዳጣ በር ይጮሃል፤ እኛ ጎረቤቶቹ ከቤታችን ሆነን እንሰማዋለን። ወንድይፍራው እንበለው።

ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈው አንድ ዋንጫ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። እንግዳ ገብቶ «ይሄ ዋንጫ የምን ነው?» ካለ አለቀለት። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ታሪኩ አይቋረጥም። እንግዳው ካልጠየቀስ? ወንድይፍራው ይነሳና ዋንጫውን መወልወል ይጀምራል። ምን ታደርጉታላችሁ? ትጠይቃላችሁ!

ሚስቱ ጥሩአየሁ ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። እሷ የምታየው ግን እግሩን ነው። ታሪኩ ወደ መጨረሻዋ ኳስ ሲቃረብ የወንድይፍራው ቀኝ እግር ምንጣፉን ይፈትጋል። ሁልጊዜ። ያችኑ አንድ ቦታ። አንድ ቀን ምንጣፉ ተበሳ።

«ወንዴ፣» አለችው፣ «ሁለተኛ ምንጣፍ ነው የጨረስከው። እዚህ ጋ ምን ቀብረሃል?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ተወና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት።

ምን ነበር የቀበረው? ወገኖቼ፣ ይህን አስተውሉ። ዋንጫውን በወሰደበት የቴኒስ ክበብ ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ መስመሩ በኖራ ይሰመራል። መስመር የሚጠብቅ ዳኛ አልነበረም። በየራሱ በኩል ያረፈችውን ኳስ «ገብታለች» ወይም «አውት ናት» የሚለው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ያኛው ከተጠራጠረ መረቡን ዞሮ ይመጣና ኳሷ አፈሩ ላይ የተወችውን ምልክት ያያል። ምልክቷ ትፈርዳለች።

የፍጻሜው ዕለት ወንድይፍራው የገጠመው ልሳነወርቅን ነበር፤ የልብ ጓደኛውን። ለዋንጫው አንድ ነጥብ ቀረችው። ልሳነወርቅ ኳሷን ወደ ጥግ ላካት። መስመሩ ላይ አረፈች። ገብታለች! ወንድይፍራው በዓይኑ አየ። አፉ ግን «አውት!» አለ።

አፍ ይህን ካለ እግር ምን ያድርግ? ሄዶ ምልክቷ ላይ ቆመ። ፈተግ፣ ፈተግ አደረጋት።

ልሳነወርቅ መረቡን ዞሮ መጣ። ቁልቁል አየ። ቀና ብሎ ጓደኛውን አየ። «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ጨበጠውና ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድይፍራው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጓደኛው ሲሸሽ ኖረ። ልሳነወርቅ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ካየ «ወራጅ አለ!» ይላል። ለሰፈሩ ሁለት ፌርማታ ቢቀረውም ይወርዳል። በዚያ ጉልበት! እስቲ አስቡት፤ ዋንጫ ያለው ሰው በእግሩ ያነክሳል፣ ዋንጫ የተቀማው በታክሲ ተንደላቆ ያልፈዋል።

ጥሩአየሁ ይህን ሁሉ ሰምታ አልተቆጣችም። ዋንጫውን ከቡፌው አውርዳ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

«ሂድ።»

«ሰው ምን ይለኛል ጥሩዬ? ስሜ እኮ ይሄ ዋንጫ ነው።»

«ስምህማ ወንድይፍራው ነው። እኔ ያገባሁት ዋንጫ አይደለም። ደግሞ አዲስ ምንጣፍ የምገዛው ያ እግርህ ሲያርፍ ነው።»

ሄደ። ልሳነወርቅ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራኬት ጅማት ይወጥራል። ቀና አለ።

«እንዴ! ዛሬ ወራጅ የለም?»

ወንድይፍራው በቁሙ ደረቀ። «አንተ ታየኝ ነበር እንዴ?»

«ስንት ጊዜ በመስኮት እያየሁ አልፌሃለሁ! አንድ ቀንማ ዝናብ ነበር፤ እኔው ልውረድለትና እሱ ይሂድ ብዬ ነበር።»

«ልሳኔ፣» አለ። «ያቺ ኳስ... ገብታ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምልክቷን እኮ አጥፍቻት ነበር!»

«እሷንማ አጠፋሃት። ኖራውንም አብረህ ፈተግከው እንጂ! መስመሩ ላይ ጫማ የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር። ጫማህ በአፈሩ ቀልቶ አፍንጫው ብቻ ነጭ! ኳሷ የተወችው ምልክት እንቁላል ብታህል ነው። አንተ የተውከው በሬ ያስተኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። በማግስቱ ትመጣለህ ብዬ ቁርስ ሳልበላ ጠበቅኩህ። ስትቀር ተናደድኩ፤ ስምህ ሲነሳ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ኋላ እርጅና መጣ፣ ንዴቱም ደከመው።»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ልሳነወርቅ ራኬቱን አስቀመጠ። «ይቅር ብያለሁ። ተቀመጥ። ቁርሱስ ቀዝቅዟል፣ በል ምሳ እንብላ።»

ዋንጫውስ? «ኧረ ካንተ ይሁን» ያለው መሰላችሁ? ምን በወጣው! ተቀበለው። በሸሚዙ እጅጌ ወለወለና «የኔ ነዋ!» ብሎ መስኮቱ ላይ ጉብ አደረገው። ፌስታሉን ግን ባዶ አልመለሰም፤ ከዛፉ ዘይቶን ለቅሞ ሞላለት።

ዛሬ የወንድይፍራው ቡፌ ላይ ባዶ ቦታ አለ። የሚያውቁት ሰዎች «ጋሼ፣ ዋንጫው የት ሄደ?» ይሉታል። ታሪኩን ይነግራቸዋል፤ ይሄኛውን እስከ መጨረሻዋ ኳስ። ሻዩ ዛሬም ይቀዘቅዛል፤ ያ ጠባይ አልለቀቀውም። እግሩ ግን ጸጥ ብሏል። ጥሩአየሁም ምንጣፉን ገዝታለች።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ እግር ልምጣ። ወንበር ሥር አትደብቁ፤ እያየኋችሁ ነው! ምን ላይ ቆማችኋል? ለወንድማችሁ የሚገባውን ምስጋና ለራሳችሁ ወስዳችኋል? የጎረቤታችሁን አጥር ስንዝር ገፍታችኋል? «ትንሽ ናት» ትላላችሁ። አዎ፣ ትንሽ ናት! እንቁላል ታህላለች። እሷን ለመሸፈን የፈተጋችሁትስ? በየዓመቱ የምትፈትጉትስ? ደግሞ «ማን አየኝ» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ያያል፤ እሱስ ይቅር፣ ልሳነወርቅ እንኳ አይቷል!

ያ የበደላችሁት ሰው ምናልባት ዛሬም ቁርሱን ሳይበላ እየጠበቃችሁ ነው። አትፍሩት።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ሽማግሌዎች ታክሲ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ይጨቃጨቃሉ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ወንድይፍራው ከሁላችንም ቀድሞ ጮኸ፦ «የለም! ንዳው!»

እናንተም አሁን ከዚህ ወጥታችሁ ታክሲ ትሳፈራላችሁ። ያ የምትሸሹት ሰው ይገባል። ረዳቱም ይጠይቃል።

ምን ትሉታላችሁ?