ወደ ፊታውራሪ የተሳበው መሬት

ፊታውራሪ ደምለውን የሚያህል ግዙፍ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ችሎት የሚቀመጡት በጠፍር አልጋ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ሲቀመጡ ጠፍሩ በፊታውራሪ ክብደት ስለሚረግብ እየተንሸራተቱ ከጉያቸው ይገባሉ።

አንድ ቀን አንዲት ምላሰ ስል ባልቴት አቤት ልትል ቀረበች። የድንበሯ ድንጋይ ወደ ውስጥ ገብቶ የማሳዋ ግማሽ የፊታውራሪ ሆኖባታል።

«ማንም አልነካብሽም» አሉ ፊታውራሪ። «ትልቅ ነገር ትንሹን ይስባል። እነዚህን ሽማግሌዎች እዪ፤ ማን ገፍቷቸው ነው እኔ ላይ የሚለጠፉት? መሬትሽም እንዲሁ በራሱ ጊዜ ተስቦ መጣ። አይደለም ካልሽ አስረጂ፤ ካቃተሽ የቀረውንም እወስደዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በፊታውራሪ ብብት ሥር እንደተወሸቁ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

የባልቴቷ ዓይን ከአልጋው ላይ አልተነቀለም። «እንግዲያው ጌታዬ፣ እርስዎ ብቻ አንድ ጊዜ ይነሡልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይቆዩ» አለች።

ፊታውራሪ ጉልበትህን አሳይ እንደተባለ ጎረምሳ ደስ ብሏቸው ተነሡና ፊት ለፊት ቆሙ። ጠፍሩ ተወጠረ። ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ወደ እሳቸው ንቅንቅ ያለ አንድም የለም። እንዲያውም አንደኛው ወገቡን እያሻሸ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አዩ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ማንንም አይስቡም። የተቀመጡበት ይሰረጉዳል፣ አጠገብዎ ያለው ይንሸራተታል። የእኔም መሬት ተስቦ አልመጣም፤ ተቀምጠውበት ነው። ከአልጋው እንደተነሡ ከእሱም ላይ ይነሡልኝ።»