አያ ጅቦ በፊኛ የወጣ ቀን

ተቀመጡ እስቲ። አቡሽ፣ እግርህን ሰብስብና አርፈህ ቁጭ በል። ሚጡዬ፣ አንቺም የወንድምሽን ጆሮ ልቀቂ። መክሊት፣ የእህቴ ልጅ፣ አንቺ ልክ እኔ እንደማወራው አድርገሽ ጻፊ፤ ማሳመር የለም፣ እኔ ራሴ አሳምሬ ነው የማወራው። ደርሰሻል? በይ።

አንድ ጊዜ፣ ኮረብታው ሁሉ ወይን በሆነበት አገር፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዱ ሰፊ፣ ሐሳቡ ጠባብ ጅብ ነበር። ክፉ አልነበረም፣ አትፍረዱበት፤ ክፉው ረሃቡ ነው። የአገሩ ጌታ ደግሞ አያ አንበሶ ናቸው። የወይን ለቀማ ሲደርስ አያ አንበሶ አዋጅ ያስነግራሉ፤ አራዊት ሁሉ አብሮ ስለሚሠራ፣ ወይኑ ተለቅሞ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይበላ ይላል አዋጁ። አዋጁ እሳቸውን ይጨምራል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናንተም አትጠይቁ።

እና በዚያ ወራት አያ ጅቦ የሚኖረው ከአያ አንበሶ ማዕድ በሚተርፈው አጥንት ነው። አጥንቱን ለማግኘት አለታቸው ሥር ሄዶ፣ አፍንጫው አፈር እስኪነካ ድረስ እጅ መንሣት አለበት። እጅ ነሥቶ፣ አጥንቱን ነክሶ፣ አፈሩን ከአፍንጫው እያራገፈ ሲመለስ፣ ሆዱ ይሞላል ልቡ ይደማል። ምናለበት አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ብበላ ይላል ለራሱ።

እመት ቀበሮ በወዲያኛው ኮረብታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ጋቢዋን አጥባ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብላ ከእሳት በላይ ዘረጋችው። ሙቀቱ ከሥር ሲገባበት ጋቢው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ተነሣ፤ ሄዶ ግራር ላይ ተሰቀለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይኔ ጋቢዬ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷ ቁጭ ብላ አሰበች። ከዚያ ሸማ ከሸማ ሰፋች፣ ስፌቱን በሰም ደፈነች፣ ከሥሩ ትልቅ ቅርጫት አንጠለጠለች፣ በመሐል የሸክላ ምድጃ አሰረች። ልደት ላይ የምትነፉትን ፊኛ ታውቁት የለ? እሱን አንድ ቤት የሚያህል አድርጋችሁ አስቡት። ደግሞ ቀይ አድርጋ ነከረችው፤ ቀበሮ ናትና ካልታየች አይሆንላትም።

ወሬው ኮረብታውን ሁሉ ዞረ። ፊኛው የሚነሣው በእሳት ነው፣ እሳቱ የሚነደው በሞራ ነው፣ ስለዚህ መውጣት የሚፈልግ ሞራ ይዞ ይምጣ አለች። ሞራ ማለት የከብት ስብ ነው፤ እሳት ላይ ጣል ሲያደርጉት ቦግ ይላል። ከሚመጣላት ግማሹን ታነድዳለች፣ ግማሹን ጓዳዋ ታስቀምጣለች። ይሄን አትጻፊው መክሊት፣ ቀበሮዎች ይቀየሙናል። ኧረ ጻፊው፣ ይቀየሙ።

አያ ጅቦ ወሬውን ሲሰማ፣ ኮረብታው ከላይ ሲታይ ያምራል ቢሉት ምንም አልመሰለውም። እሱን ያንገበገበው ጥንብ አንሳ ነው። የሞተ ከብት ባለበት ሁሉ ቀድሞት የሚደርሰው ከላይ ስለሚያይ ነው እንጂ፣ ከሱ በምን ይበልጣል? የሞተ መብላት ደግሞ አዋጁ አይከለክልም። እስቲ እኔም አንዴ ከላይ ልይና የት የት እንዳለ ልያዘው አለ።

ሞራውንም ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ይዞ ተነሣ። በአፉ ይዞ። አሁን እናንተ ፍረዱኝ፣ ጅብ ሞራ በአፉ ይዞ ዳገት ይወጣል? ሲደርስ አፉ ባዶ ነው። ተመልሶ ሌላ አመጣ፣ ያም መንገድ ላይ ቀረ። እመት ቀበሮ በስብ የሚያብረቀርቀውን ከንፈሩን አየች። ቅርጫቱን የሚጎትትላት ጠፍቶ ነበርና፣ እስከ ኮረብታው ራስ ከጎተቱልኝ ያለ ሞራ አወጣዎታለሁ አለችው። ጎተተ። አንገት እንደሆነ አለው፤ የጎደለው ከአንገት በላይ ነው።

ኮረብታው ራስ ላይ ሲደርሱ አንዲት ተሳፋሪ ቆማ ትጠብቃለች፤ እመት አህዪት። ዕድሜዋን ሙሉ የወይን ሣጥን ተሸክማ ያንን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ናት። አንዴ እንኳ ሳልጫን ልየው ብላ፣ ሞራውን በአቁማዳ ሞልታ መጥታለች። አያ ጅቦ አህያዋን ሲያይ ምራቁ መጣ። ቀበሮ ይሄም አላመለጣትም፤ ሰማይ ላይም አዋጅ አዋጅ ነው፣ ዓይንዎን ከእመት አህዪት ያንሡልኝ አለችው። እሺ አለ፣ አነሣ። አንሥቶ አቁማዳው ላይ አሳረፈው።

እሳቱ ቦግ ሲል ሸማው ተወጠረ፣ ገመዱም ተፈታ፣ መሬት ቀስ ብላ ከሥራቸው ሄደች። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቅርጫቱን ጠርዝ በጥርሱ ይዞ ነበር። ምንም ሳይሆን ሲቀር አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

ምን ልበላችሁ! ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ እየወጣች ነው። ወይኑ ከኮረብታ ኮረብታ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል፤ በየመሐሉ ቀዩ አፈር በሚዶ እንደተከፈለ ጸጉር ቀጥ ብሎ ይታያል። ወይን የሚለቅሙት ጦጣዎች ሹሩባው ውስጥ እንደገባ ቅማል ይርመሰመሳሉ። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተነሣ አጠገባቸው ድረስ መጥቶ ያልፋል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ ምድጃው ቸስ ቸስ ከማለቱ በቀር።

አህዪት ጠርዙ ላይ አገጯን አስደግፋ ቁልቁል አየች። ከታች አንዲት ክር የመሰለች መንገድ ነበረች።

«ይቺ ናት እንዴ ያ ዳገት?» አለች። ዞራ ጀርባዋን አየችና፣ «ከዚህ ሲያዩት ነው። ጀርባዬ ያውቀዋል» አለች።

አያ ጅቦ እሷን አልሰማም፤ የሞተ እየፈለገ ነው። ግን ከዚያ ከፍታ የሞተውም የተኛውም ነጥብ ነው፣ አይለይም። ተናደደ። ሲናደድ ይርበዋል፤ ሲርበው አቁማዳው ቅርብ ነው። ቀበሮ እሳቱን ስታይ አንዲት ቁራጭ ሞራ መዘዘና ዋጥ አደረገ። ማንም አላየው። ሌላም መዘዘ።

እያላመጠ ቁልቁል ሲያይ፣ አለት ላይ አንዲት ቢጫ ነገር አየ። የጎመን ዘር ብታክል ነው። ምንድን ናት ብሎ ቀበሮን ጠየቃት።

«አያ አንበሶ ናቸዋ» አለች ቀበሮ።

አያ ጅቦ ማላመጡን አቆመ። አየ፤ ደግሞ አየ። አለቱ ያው አለት ነው፣ ዛፉም ያው ዛፍ ነው፣ ጎፈሩም እንደ ጢም ብጤ ይታያል። ታዲያ ለዚች ነው እንዴ ዕድሜ ልኩን አፍንጫው አፈር ሲበላ የኖረው? ሳቀ። የጅብ ሳቅ ታውቃላችሁ፣ ከኮረብታ ኮረብታ ይሰማል። እመት ቀበሮ፣ ድምፅ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይሄድም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል ልትለው ነበር፤ ቆይ እስቲ ምን እንደሚል ልስማ ብላ ተወችው።

«አንተ የጎመን ዘር!» አለ አያ ጅቦ ወደ ታች። «ያንተን ትራፊ ነው ስበላ የኖርኩት? ከዛሬ ጀምሮ ሥጋውን እኔ እበላለሁ፣ አጥንቱን አንተ ትግጣለህ። እጅ ነሥተህ።»

አህዪት ጆሮዋን አጣጥፋ ቅርጫቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። አያ ጅቦ፣ ከዚህ ሲያዩዋቸው ነው ያነሱት እንጂ እሳቸው እንዳሉ ናቸው ብላ ልትመክረው ሞከረች። እሱ ግን ከታች መልስ ሲጠፋ ፈሩኝ ብሎ ባሰበት። በዘራቸው መጣ፣ በጎፈራቸው መጣ፣ ለአያ አንበሶ በፊት ለፊት ይቅርና በሕልም የማይባለውን ሁሉ አለ። በሰደበ ቁጥር አንዲት ሞራ ዋጥ ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ለማርጠብ።

ታች አያ አንበሶ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ዱባ የመሰለ ቀይ ነገር እያዩ ያዳምጡ ነበር። ጨዋ ናቸው፤ ተናጋሪ አያቋርጡም።

እሳቱ ደከም ሲል ቀበሮ ሞራ ልትጨምር እጇን ወደ አቁማዳው ሰደደች። እጇ የአቁማዳውን ቂጥ ነካ። ዞር ብላ አየችው።

«አያ ጅቦ፣ ሞራው የት ሄደ?»

«የቱ ሞራ?»

«ከንፈርዎ ላይ ያለው።»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰና አሁን የለም አለ። ምድጃው ትንፍ፣ ትንፍ ብሎ ጠፋ። ሸማው ጉንጩ ጎደለ። መጀመሪያ ማንም ምንም አልታወቀውም፤ ከዚያ አያ ጅቦ የጎመን ዘሯን ሊሰድብ ቢያጎነብስ፣ ባቄላ አክላለች። ዓይኑን አሸት አደረገ። ዶሮ አከለች።

«ኧረ ይሄ ነገር እያደገ ነው» አለ። «ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚያድገው?»

«እሳቸው አላደጉም» አለች አህዪት። «እኛ ነን የምንወርደው።»

ይሄ ለአያ ጅቦ አልገባውም። ግን ዶሮዋ ጥጃ ስታክል፣ ጎፈር ስታወጣ፣ ጅራቷ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ስድቡን ትቶ ወደ ምድጃው ሮጠ። እመት ቀበሮን ለመናት፤ እሳት አንድጂ፣ የፈለግሽውን ልጎትትልሽ አላት። በምን ላንድድ አለችው። ሸክም ይቅለል ብሎ የገመዱን ጥቅል ወረወረ፣ የቀበሮን ጋቢ ወረወረ፣ ቀጥሎ አህዪትን አየ። እመት ቀበሮ ቀደመችው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ከባዱ ሞራ የበላው ነው፣ መወርወር ካለብን ከርስዎ እንጀምራለን አለችው። እጁን ሰበሰበ።

ቅርጫቱ ወይኑን እየጠራረገ፣ በተርታው መሐል እየተንጓጓ ሄደ ሄደና፣ የትም አልቆመም፣ አለቱ ሥር ቆመ። ያ ሁሉ ሸማ ከላይ መጥቶ ጠቅልሎ ሸፈናቸው። አያ ጅቦ ጨለማው ውስጥ ትንፋሹን ዋጠ፤ እኔ ካላየሁ አልታይም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የአያ አንበሶ እርምጃ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጎመን ዘር ያለኝ ማን ነው?» አሉ።

አያ ጅቦ አላስቻለውም።

«እኔ አይደለሁም» አለ ከሸማው ሥር። «እኔ ምስር ነው ያልኩት።»

ሸማው ተገለጠ። አያ አንበሶ ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ አልተቆጡም። በል እስቲ እዚህ ሆነህ ድገመው አሉት። አያ ጅቦ ቀና ብሎ አየ፤ መዳፋቸው ብቻ የሱን ራስ ያህላል። እጅ ነሣ። አፍንጫው አይደለም፣ ያን ቀን ጆሮው ሁሉ አፈር ገባ።

አያ አንበሶም ፈረዱ። አዋጁ ስላለ አልነካህም፤ አዋጁም ባይኖር ጅብ ማን ይበላል አሉት። ግን ሞራ ጠግበሃልና፣ ለቀማው እስኪያልቅ አጥንት የሚባል አትጠጋም። እዚህ ላይ እመት ቀበሮ ብቅ ብላ፣ ሞራዬን ጨርሶ፣ ጋቢዬን ጥሎ ባዶ አስቀረኝ ብላ እንባ እንባ ሲላት ጊዜ፣ አጥንቱ ለሷ እንዲሰጥ ታዘዘ። ቀበሮ መቼ ባዶ እጇን ቤቷ ገብታ ታውቃለች።

አያ ጅቦ ያን ወራት ሁሉ ወይን በላ። ሌላ የሚበላ የለማ! ያ ሁሉ መንጋጋ፣ አጥንት ሰባሪው፣ አንዲት ፍሬ ወይን ይዞ ሲንገላታ፣ ስትጎመዝዘው ደግሞ ሎሚ እንደቀመሰ ሕፃን ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ጦጣዎቹ ለቀማውን ትተው እሱን ያዩ ነበር።

አንድ ቀን እመት አህዪት ሣጥኗን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ፣ አያ ጅቦ መንገድ ዳር ተደፍቶ እጅ ሲነሣ አገኘችው። ፊቱ ማንም የለም። አያ ጅቦ፣ ለማን ነው ብላ ጠየቀችው። ሳይነሣ በአፍንጫው ወደ ማዶው ኮረብታ አመለከታት። ማዶ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች።

«ጉቶ እኮ ነው» አለች አህዪት።

«አሁን ነው ጉቶ» አለ አያ ጅቦ። «ሲያድግ አላየሽም እንዴ?»

በይ መክሊት፣ ይሄን ደግሞ ለብቻው አድርገሽ ጻፊው።

ከዚህ የምንማረው፣ ከፍ ስንል ከታች ያለው ሁሉ የሚያንስብን እሱ አንሶ ሳይሆን እኛ ርቀን መሆኑን ነው፣ ደግሞም ልጆች፣ የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርምና፣ ሰው ከላይ ሆኖ አፉን ከመክፈቱ በፊት መጀመሪያ ማየት ያለበት… አቤት? ማነው የጠራኝ? ውኃ መጣ? ባልዲውን፣ ባልዲውን አቅርቡ፣ መጣሁ…